የሐርተሼክ ሱቆችና ከደጅ የራቀው ደንበኛ

መግቢያ

የሱቅ ንግድ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው ዕቃው ሲሆን ሁለተኛው ደንበኛው ነው። ዕቃ የጎደለ እንደሆነ ባለሱቁ ከጅምላ ነጋዴ ገዝቶ ይሞላዋል። ደንበኛ የጎደለ እንደሆነ ግን ከማንም ሊገዛው አይችልም። በአገራችን ትንንሽ ከተሞች ያሉትን ባለሱቆች ነገር ስንመረምር፥ የብዙዎቹ ጭንቀት የዕቃ ማጣት ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ሆኖ እናገኘዋለን። መደርደሪያው ሞልቶ ሳለ በደጁ የሚያልፈው ሰው ቀንሷል፤ ወይም ሰውየው በከተማው እያለ ገንዘቡ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዷል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ ጥያቄ ነው። በልማድ የሚሠራ ባለሱቅ ዕቃውን በኢንተርኔት ማሳየትና መሸጥ፥ ከደንበኞቹም ጋር በዚሁ መንገድ መገናኘት ይጠቅመዋልን? የሚጠቅመው ከሆነስ ስለ ምንድን ነው? ይህንኑ ነገር ስለ አዲስ አበባ መርካቶ መጻፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን ምሳሌያችንን ከሶማሌ ክልል፥ ከጅጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሶማሌላንድ ወሰን አቅራቢያ ከምትገኘው ከሐርተሼክ ከተማ መውሰድን መርጠናል። ምክንያቱም ገዢ በብዛት መጥቶ በብዛት ሲሄድ ባለሱቅ ምን እንደሚሆን የሐርተሼክን ያህል በግልጥ የሚያሳይ ከተማ በአገራችን እምብዛም አይገኝም።

አንባቢ እንዳይሳሳት፥ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

1ኛ/ የሐርተሼክ ገበያ አነሣሥና መቀዝቀዝ

ሐርተሼክ በፋፈን ዞን ውስጥ የምትገኝ ውኃ የሚቸግራት ደረቅ አገር ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ኑሮው በግመል፥ በበግና በፍየል፥ በከብትም ርባታ ላይ የተመሠረተ ነው። የዝናቡን ውኃ «ቢርካ» በሚባል በሲሚንቶ በተገነባ ጕድጓድ እያጠራቀመ ለራሱና ለከብቱ ይጠጣል። እንዲህ ባለ አገር ትልቅ ገበያ ይቆማል ብሎ ማንም አይገምትም ነበር።

በግንቦት ወር 1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዚያድ ባሬ መንግሥት የሐርጌሳንና የቡርዖን ከተሞች በአውሮፕላንና በመድፍ ስለ ደበደበ፥ ሕዝቡ ወሰኑን አልፎ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ። ከመጠጊያዎቹም ስፍራዎች ዋነኛዋ ሐርተሼክ ሆነች። ቍጥሩ በበዛበት ጊዜ በመጠለያው የነበረው ስደተኛ ወደ 250,000 ይደርስ እንደ ነበር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አስታውቋል። በዚያን ጊዜም ከዓለም መጠለያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። የሚጠጣው ውኃ እንኳ በቦቴ መኪና ከሩቅ ተጭኖ ይመጣ ነበር።

ስደተኞቹ ሁሉ ከብት አርቢዎች አልነበሩም። ከሐርጌሳና ከቡርዖ ከመጡት ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች ስለ ነበሩ ንግድ ያውቁ ነበር፤ በበርበራ ወደብና በዓረብ አገር የሚያውቋቸውም ዘመዶችና ነጋዴዎች ነበሩአቸው። ስለዚህ ድንኳኑ በተተከለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ገበያ ቆመ። ልብስ፥ ራዲዮና ቴፕ፥ ሽቶ፥ ብርድ ልብስ፥ ሩዝና ስኳር በሐርተሼክ ይራገፍ ጀመር። ዕቃው በአብዛኛው ቀረጥ ያልተከፈለበት ስለ ነበር የከተማይቱ ስም በመላው ኢትዮጵያ ከኮንትሮባንድ ጋር ተያይዞ ታወቀ፤ ከሐረር፥ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባም ሰው እየሄደ ይገዛ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ጸንቶ አልኖረም። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞቹ ወደ አገራቸው በተራ መመለስ ጀመሩ። በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መጠለያው ተዘጋ፤ ከቀሩትም ጥቂቶች ወደ ቀብሪበያህ ተዛወሩ። በዚህም ላይ የጉምሩክ ቍጥጥር እየጠበቀ፥ የወሰኑም ንግድ ወደ ቶጎ ውጫሌ እየተሳበ ሄደ። ለከብት አርቢውም ዘመኑ ክፉ ነበር። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኵሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የቁም ከብት እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላውም የተነሣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከብቱን ያልሸጠ ሰው ከሱቅ አይገዛምና፥ የወደቡ መዘጋት በሐርተሼክ ሱቅ ደጅም ተሰማ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የገዢና የደንበኛ ልዩነት ነው። ገዢ ማለት ዛሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ነው። ደንበኛ ማለት ግን ባለሱቁ በስሙ የሚያውቀው፥ የሚወደውን ዕቃና የሚከፍልበትን ጊዜ የሚረዳው፥ እርሱም ባለሱቁን አምኖ የሚመለስ ሰው ነው። መጠለያው በተዘጋ ጊዜ ሐርተሼክ ገዢዎቿን ብቻ ሳይሆን ለዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ያፈራቻቸውን ደንበኞች ጭምር አጣች። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ጠፍተው አልቀሩም። ከፊሉ በሐርጌሳ፥ ከፊሉ በቀብሪበያህና በጅጅጋ፥ ከፊሉ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ስልክ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ደንበኛው ከደጅ ቢርቅም ከሱቁ ሊርቅ አይገባውም።

2ኛ/ በሩቅ መገበያየት ለዚህ አገር ባዕድ አለመሆኑ

አንዳንድ ሰዎች የኢንተርኔት ንግድ የፈረንጅ አገር ነገር ነው፥ ለገጠር ባለሱቅ አይሆንም ይላሉ። እኛ ግን የዚህን አገር የንግድ ልማድ ስንመለከት ነገሩን በተቃራኒው እናገኘዋለን።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ የጅጅጋን ሜዳ አቋርጦ በ1847 ዓ.ም. ሐረር በገባ ጊዜ፥ በሶማሊዎች ዘንድ «አባን» የሚባል ሰው መኖሩን ጽፏል። አባን ማለት ለባዕድ ነጋዴ አስተናጋጅ፥ ጠባቂና ደላላ የሚሆን ሰው ነው። ነጋዴው አገሩን አያውቅም፤ አገሬውም ነጋዴውን አያውቅም፤ በመካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያስተማምነው አባኑ ነው። ነጋዴው የተበደለ እንደሆነ የአባኑ ክብር ይነካል፤ ስለ አገልግሎቱም ከንግዱ ድርሻውን ያገኛል። እንግዲህ በማይተያዩ ሰዎች መካከል መተማመንን ማቆም በዚህ አገር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ የኖረ ነገር ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም እንዲሁ ነው። ዳሃብሺል የተባለው የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት በሙሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ በቡርዖ ከተማ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ገደማ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ጦርነት መሥራቹ ንብረታቸውን ጥለው ከሕዝቡ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ከተሰደዱ በኋላ፥ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ለስደተኞቹ የሚልኩትን ገንዘብ በማድረስ ሥራቸውን እንደገና አቆሙ። ያም ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራ ትልቅ ኩባንያ ሆኗል። ስልክ ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን በሶማሊዎች ዘንድ «ታር» የሚባል የራዲዮ መገናኛ ነበር። በሩቅ ከተማ ያለው ሰው የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን ልክ በራዲዮ ይናገራል፤ በዚህ ያለው ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ገንዘቡ ራሱ አልተጓዘም፤ የተጓዘው ቃል ብቻ ነው።

በኋላም በ2001 ዓ.ም. በሶማሌላንድ ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ «ዛድ» የሚባለውን የስልክ ገንዘብ ጀመረ። በእኛም በኩል በ2007 ዓ.ም. ገደማ የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም በሄሎካሽ አማካይነት በክልሉ ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍ ጀመረ፤ ይኸው ተቋም ኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጅጅጋ የሆነው ሸበሌ ባንክ ሆኗል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር፥ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በአገራችን ሥራ ጀመሩ። እነሆ ገንዘቡ በስልክ መሄድን ተምሯል። ሱቁ ግን ገና በደጁ ተቀምጦ መንገደኛን ይጠብቃል።

3ኛ/ ባለሱቁ በኢንተርኔት መሥራት የሚገባው ስለ ምን ነው?

ሀ/ የሄደውን ደንበኛ ለመከተል

ነገሩ እንዲገባ አንዲት ባለሱቅ እናስብ። በሐርተሼክ ዋና መንገድ ላይ ሩዝ፥ ስኳር፥ ዘይት፥ ፓስታና የዱቄት ወተት ትሸጣለች፤ በሌላው መደርደሪያ ደግሞ «ዲራዕ» የሚባለውን ስስ ረጅም ቀሚስ፥ ጋርባሳር የሚባለውን መከናነቢያና «ኡንሲ» የሚባለውን ዕጣን ታኖራለች። ቀድሞ ከእርስዋ ይገዛ የነበረ አንድ ወጣት አሁን ብዙ ሶማሊዎች በሚኖሩበት በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ይሠራል። እናቱ ግን በሐርተሼክ ቀርተዋል።

ልጁ በየወሩ ለእናቱ ገንዘብ ይልካል። እናቲቱ ገንዘቡን ለማውጣት የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ያ ሰው ወደ ጅጅጋ ሲሄድ ዕቃውን ከዚያ ገዝቶ ያመጣላቸዋል። ስለዚህ ለሐርተሼክ እናት የመጣው ገንዘብ ሐርተሼክ ሳይደርስ በጅጅጋ ይቀራል። ባለሱቋ የዕቃዋን ዝርዝርና ዋጋ በዋትስአፕ ለልጁ ብትልክለት ግን፥ እርሱ የወሩን ቀለብ መርጦ በሕጋዊ የገንዘብ አስተላላፊ በኩል ይከፍላል፤ እርስዋም ዕቃውን በባጃጅ ለእናቱ አድርሳ የተረከቡበትን ምስል ትልክለታለች። ልጁ ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ ያውቃል፤ እናቲቱ ከመንገድና ከሸክም ይድናሉ፤ ሱቋም ወር በወር የማይቀር ሽያጭ ታገኛለች። እንግዲህ የሱቋ ገዢ በሐርተሼክ ጎዳና ላይ ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ በሐርተሼክ እናት ያለው ሰው ሁሉ ነው።

ለ/ የአርብቶ አደሩን ድካም ለመቀነስ

ሁለተኛው ምክንያት ለቅርቡ ገጠር የሚሆን ነው። ከብት አርቢው ከሩቅ ሰፈር ተነሥቶ፥ ፍየሉን ነድቶ ወይም ወተቱን ጭኖ ወደ ከተማ ይመጣል። የፈለገውን ዱቄት ወይም የእንስሳ መድኃኒት ያጣው እንደሆነ የቀን መንገዱ ባክኖ ይመለሳል። ባለሱቁ ማለዳ ማለዳ ያለውን ዕቃና የዕለቱን ዋጋ ቢያስታውቅ፥ አርቢው ከመነሣቱ በፊት ይወስናል።

«አርቢው ፊደል ካላወቀ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሶማሊ ቋንቋ ይፋ ሆኖ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ በብዙ አርብቶ አደር ቤቶችም መጻፍና ማንበብ ገና አልተስፋፋም። ነገር ግን የሶማሊ ሕዝብ ነገርን በቃል በመናገርና በቃል በመያዝ የታወቀ ነው። በዋትስአፕና በቴሌግራም ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ድምፅም ይላካል። ስለዚህ ባለሱቁ ዋጋውን በድምፁ ቢናገር፥ አንድ ስልክ ባለበት ሰፈር ዐሥር ሰው ተሰብስቦ ይሰማዋል። በደብዳቤ የማይቻለው በዚህ ይቻላል።

ሐ/ የዱቤውን መዝገብ ከጠብ ለማዳን

በከብት አርቢ አገር ያለ ዱቤ ሱቅ አይቆምም። አርቢው ገንዘብ የሚያገኘው በየወሩ ሳይሆን ከብቱ በሚወፍርበትና ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ፥ ይልቁንም በሐጅና በዓረፋ ወራት ነው፤ በመካከሉ ግን ሩዝና ስኳር መብላት አለበት። ባለሱቁም ያበድረዋል፤ በደብተሩም ይጽፈዋል። ደብተሩ የባለሱቁ ብቻ ነው። ዝናብ ቢያርሰው፥ አይጥ ቢበላው፥ ወይም ባለዕዳው «ይህን አልወሰድሁም» ቢል፥ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌም ቢያስታርቅ ደንበኛነቱ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ዱቤ በተወሰደ ቁጥር ወዲያው በስልክ «ዛሬ ይህን ያህል ወስደሃል፥ ድምሩ ይህን ያህል ሆኗል» የሚል መልእክት ቢላክ፥ መዝገቡ በሁለቱም እጅ ይሆናል። የሚቃወም ሰው በዚያው ቀን ይቃወማል እንጂ ከስድስት ወር በኋላ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 እንዲህ ያለ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ ስለ ሆነ ብቻ በሕግ ፊት ዋጋ አያጣም ስለሚል፥ መዝገቡ ከቀድሞው ደብተር ያነሰ ማስረጃ አይሆንም።

መ/ ያልተፈለገ ዕቃ እንዳይገዛ

ትንሽ ባለሱቅ የሚከስረው ብዙ ጊዜ ባልሸጠው ነገር ነው። በጅጅጋ ወይም በቶጎ ውጫሌ አንድ ቦንዳ ልብስ በግምት ገዝቶ ይመጣል፤ ቀለሙ ካልተወደደ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይከርማል። ከጅምላ ነጋዴው ዘንድ ቆሞ የልብሱን ምስል ለደንበኞቹ ቢልክና «ማን ይፈልጋል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ግማሹን ከመግዛቱ በፊት ሸጦታል ማለት ነው። ካፒታሉ ጥቂት ለሆነ ሰው ከአራቱ ምክንያቶች ምናልባት ቶሎ የሚታይ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ነው።

4ኛ/ ሥራው እንዴት ይጀመራል?

ብዙ ባለሱቆች ይህን ነገር የሚፈሩት ትልቅ ወጪና ትልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ እየመሰላቸው ነው። ይሁን እንጂ ለመጀመር አንድ ስማርት ስልክ፥ ለንግዱ ብቻ የሚሆን አንድ የስልክ ቍጥርና የስልክ ገንዘብ ሒሳብ ይበቃል።

መጀመሪያ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ይክፈት፤ ምክንያቱም የደንበኞቹ ዝርዝር በእጁ ያለው በዚያ ነው። የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክ፥ በሩቅ ያለ ዘመድ ካለውም የእርሱን ስልክ በፈቃዳቸው ይመዝግብ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን በቀን ብርሃን፥ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጎ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ መጠኑን፥ የተሠራበትን አገርና ዋጋውን ከሥሩ ይጻፍ። ጽሑፉ በሶማሊኛ፥ ከጅጅጋና ከድሬዳዋ ለሚገዙትም በአማርኛ ቢሆን መልካም ነው። በየቀኑ መቶ ዕቃ ከማሳየት ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን በታወቀ ሰዓት አሥር ዕቃ ማሳየት ይሻላል፤ ሰው የገበያን ቀን እንደሚያውቅ ያንንም ያውቀዋልና።

ዕቃ ማድረሱ በቂ ፖስታ በሌለበት አገር የሚቸግር ይመስላል፤ ነገር ግን አገሬው ለዚህም የራሱ ዘዴ አለው። በከተማው ውስጥ ባጃጅ አለ። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደውን ዕቃ ለሚኒባስ ወይም ለአውቶቡስ ሹፌር ማስያዝ፥ የሹፌሩን ስልክና የመኪናውን ታርጋ ለተቀባዩ መላክ፥ ተቀባዩም መናኸሪያ ሄዶ መረከብ በመላው ኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ባለሱቁ ከዚህ ላይ የሚጨምረው ዕቃው ሲታሸግ የተነሣ ምስልና የተጻፈ የዋጋ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ትንሽ ስፍራን ሊለውጥ እንደሚችል ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በቻይና በጂያንግሱ ክፍለ አገር ዶንግፌንግ በምትባል መንደር በ1998 ዓ.ም. አንድ ወጣት ታኦባኦ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ ቀጥሎም በመንደሩ የተሠራ የእንጨት ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ጎረቤቶቹ ተከትለውት መንደሪቱ በቤት ዕቃ ንግድ ታወቀች። ልብ ማለት የሚገባው ግን በዚያ ስፍራ መንገዱ፥ መብራቱና ዕቃ አድራሹ ተሰናድተው መቆየታቸውን ነው። ሐርተሼክ ያን ሁሉ ገና ስላላገኘች የመንደሪቱን መጠን ልትጠብቅ አይገባትም፤ አካሄዱን ግን ልትወስድ ትችላለች።

5ኛ/ ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዋጋዬን ካወጣሁ ጎረቤቴ ያይብኛል» የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ በአገራችን የኢንተርኔት ሻጮች ብዙዎቹ ምስሉን ያወጡና ዋጋውን ሲጠየቁ «በውስጥ መስመር» ይላሉ። ይህ ልማድ ይጎዳል እንላለን። ዋጋ ያልተነገረው ሰው ገንዘቤ አይበቃም ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም እንደ ኪሴ ሊያስከፍሉኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጥ እንዲያመለክት ያዝዛል። ክርክር የሚወድ ደንበኛ ዋጋ ቢጻፍም መከራከሩን አይተውም፤ የተጻፈው ዋጋ የክርክሩ መነሻ ይሆናል እንጂ አይከለክለውም።

ሁለተኛው ማታለልን መፍራት ነው። ምስሉ ሌላ፥ የመጣው ዕቃ ሌላ የሆነበት ሰው በየቦታው አለ፤ ያልተላከ ገንዘብን እንደ ተላከ አስመስሎ የሐሰት መልእክት የሚያሳይ ገዢም አለ። ለዚህ ባለሱቁ የሒሳቡን ቀሪ በራሱ ስልክ ሳያይ ዕቃ አያውጣ። ለገዢው ደግሞ ትልቁ ዋስትና የሱቁ ቋሚነት ነው። ስም የሌለው የኢንተርኔት ሻጭ ዛሬ ወጥቶ ነገ ይጠፋል፤ የሐርተሼክ ባለሱቅ ግን ቤቱ፥ ቤተሰቡና ሽማግሌዎቹ የታወቁ ስለ ሆኑ የሚጠፋበት የለውም። በጥንቱ አባን ላይ የነበረው ክብር በእርሱ ላይ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የመብራትና የኔትወርክ ነገር ነው፤ ይህም እውነት ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅጅጋ ሁከት በተነሣ ጊዜ በምሥራቁ ክፍል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም ጀምሮ በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ባለሱቁ ደጁን ዘግቶ በስልኩ ላይ ብቻ አይመን። የደንበኞቹን ቍጥርና የዱቤውን ድምር በወረቀትም ይያዝ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ በተራ ስልክና በአጭር መልእክት ይሥራ። ትንሽ የፀሐይ ብርሃን መሙያም ይረዳዋል።

አራተኛው የዕቃው ሕጋዊነት ነው። ለሕዝብ የሚታይ ዕቃ ለጉምሩክም ይታያል። ቀረጥ ያልተከፈለበትን ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ራሱን ለውርስና ለክስ ያጋልጣል። የቀድሞው የሐርተሼክ ስም የተበላሸው በዚሁ ስለ ሆነ፥ ይህን መንገድ የሚይዝ ባለሱቅ ደረሰኝ ባለው ዕቃ መጀመር አለበት። ይህ ትርፉን መጀመሪያ ላይ ሊቀንስበት ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃውን በግልጥ ማሳየትና በሩቅ መሸጥ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

አምስተኛው የደንበኛን ምሥጢር መጠበቅ ነው። ዕዳ ያልከፈለን ሰው ስምና ፎቶግራፍ በኢንተርኔት አውጥቶ ማሳፈር የሚያስከፍል ዘዴ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ነውር ከመሆኑም በላይ፥ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ሰውን በሚመለከት መረጃ ላይ ጥበቃ አቁሟል። የዱቤ ደብተር በጋሬጣ እንደማይሰቀል ሁሉ በስልክም ላይ አይሰቀልም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ኢንተርኔት የሐርተሼክን ሱቅ ለሩቅ ሰው እንደሚያሳይ ሁሉ፥ የጅጅጋንና የአዲስ አበባን ትልልቅ ሱቆች ለሐርተሼክ ሰው ያሳያል። በዋጋ ብቻ የተወዳደሩ እንደሆነ ትልቁ ትንሹን ያሸንፋል። ይህን አንክድም። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ባለሱቁ በኢንተርኔት ባይገባም ትልልቆቹ መግባታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ መቅረቱ አያድነውም። ሁለተኛ፥ ትልቁ ሱቅ ዋጋ ሊያረክስ ይችላል እንጂ የእናቲቱን ቤት አያውቅም፤ ከብቱ እስኪሸጥ ዱቤ አይሰጥም፤ ዕቃው ቢበላሽም ደጁ ሩቅ ነው። ትንሹ ሱቅ ሊወዳደር የሚገባው በእነዚህ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ዘረዘርነው፥ ሐርተሼክ በ1980 ዓ.ም. ያልጠበቀችው ሕዝብ መጥቶ ገበያ አቆመላት፤ በ1996 ዓ.ም. ሕዝቡ ሲሄድ ገበያው አብሮ ቀዘቀዘ። ለሱቆቿ የቀረላቸው ሀብት በየአገሩ የተበተነው ደንበኛና በመካከላቸው የኖረው መተማመን ነው። ኢንተርኔት አዲስ መተማመን አይፈጥርም፤ የነበረውን ግን ወሰንና ባሕር አሻግሮ ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለሱቁ በኢንተርኔት መሥራት ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ይህ እንዲሆን ባለሱቁ ብቻውን ሊተው አይገባም። የክልሉ የንግድ ቢሮ ስለ ፈቃድና ስለ ግብር የሚያስፈልገውን በሶማሊኛ በአጭሩ ቢያስረዳ፥ ባንኮችና የገንዘብ አስተላላፊዎች ከውጭ አገር በቀጥታ ለሱቅ የሚከፈልበትን መንገድ ቢያቃልሉ፥ ሥራው ብዙ ይፋጠናል። እኛም ተማሪዎች የምንሠራው ነገር አለ። በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እያንዳንዳችን አንዲት ባለሱቅ ዘንድ ቁጭ ብለን የደንበኞቿን መዝገብ በስልክ ላይ ብናሰናዳላት፥ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዕቃዎች ፎቶግራፍ ብናነሣላትና ለልጅዋም ብናሳየው፥ ከረጅም ንግግር የበለጠ ይጠቅማል። እንዲህ ያደረገ ተማሪም ሽያጩ በስድስት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ መዝግቦ በዚሁ መጽሔት ቢያወጣ፥ ከእኛ በኋላ ይህን ነገር ለሚመረምሩት መልካም መነሻ ይሆናል።